ሰባ አንድ በመቶ ላይ የቆመ ለቅሶ

የኮምፒውተር ወሬ የሚያሰለቻችሁ ከሆነ አትሽሹኝ፤ እኔንም ካሰለቸኝ ቆይቷል። የምነግራችሁ የአንዲት እናት ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የገባበት በእኔ ጥፋት ነው።

በላሊበላ፣ ከቅዳሜ ገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ጠባብ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ አሳድጋለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ የሰው ስልክ ሲበላሽ ነካ ነካ አድርጌ እመልሳለሁ። ሰዉ “ዶክተር” ይለኝ ነበር። ሲጀምሩት ለማሾፍ ነው፤ እኔ ግን ቀስ በቀስ አምኜው ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተር የማይሆንለት ሰው ሲገጥመኝ ትከሻውን መታ አድርጌ “አይዞህ፣ ለኔ ተወው” ማለት የሚወድ፣ እንዲያ ያለ ሰው ነበርኩ።

ሥራችን እንደምታውቁት ነው። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፤ ሁለቱም ሲገጥሙ ደንበኛ የለም። ላፕቶፔ ሁለተኛ እጅ ናት፣ ከደሴ ከአንድ ነጋዴ የገዛኋት። ባትሪዋ ደክሟል፤ ከሶኬት ከተነቀለች ሩብ ሰዓት አትቆይም። በዚያ ላይ ለወራት በስክሪኗ ጥግ አንድ መልእክት እየወጣ ይጨቀጭቀኝ ነበር። የያዝከው ሲስተም ዘመኑ እያለቀ ነው፣ ወደ አዲሱ ተሻገር ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ “አሁን”፣ ሌላው “በኋላ አስታውሰኝ”። እኔ ሁልጊዜ በኋላን እጫናለሁ። ደግሞም ያስታውሰኛል።

እማማ ስንዱ የሚኖሩት ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለች መንደር ነው። አልቃሽ ነበሩ። በዙሪያው ባሉ መንደሮች ሁሉ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ስንዱ ይጠራሉ። የሟቹን ሥራ፣ የሟቹን ጠባይ፣ የሟቹን ሰባት ቤት ከነስሙ ያውቁታል፤ አደባባይ ወጥተው ሁለት ስንኝ ሲጥሉ የደረቀ ዓይን አይገኝም። የኔ አባት ግንበኛ ነበር። አስከሬኑ እንደወጣ እንዲህ አሉ፦

የሰው ቤት ሲያቆም፣ ሲያቆም የኖረ፣
የራሱን ግን ዛሬ፣ በአፈር ጀመረ።

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ እኚህ ሴት ጽሕፈት ቤቴ መጡ። ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንድ መታወቂያ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የልጃቸው የአበባው ነበር። አበባው አንድ ልጃቸው ነው፤ በቅሎ እየሳበ እንግዶችን ዳገቱን የሚያወጣ ጨዋ ልጅ ነበር። ጦርነቱ በገባበት በዚያ ክፉ ዓመት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም።

እኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀስለታል። ልብሱ ይወጣል፣ አደባባይ ላይ ይቆማል፣ እንደ ሬሳው ሆኖ ይለቀስበታል። ሰዉ ለእማማ ስንዱ “ቁርጥሽን እወቂ፤ ልብሱን አውጪና እናልቅስለት” እያለ ስንት ጊዜ ለመናቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። ጃኬቱ ጎጆው መሀል ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ከእሁድ እሁድ አራግፈው ይሰቅሉታል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ግትር ናቸው እል ነበር።

“ፎቶውን አሳድግልኝ ልጄ” አሉኝ። አሳደግኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና አጠፉት፤ አጥፈው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት ማለቴ ነው። ከዚያ ወደ ላፕቶፗ እያዩ፦

“ይኼ ዕቃህ ድምጥ ይይዛል ይሉኛል፤ እውነት ነው?”

“ይይዛል እማማ።”

“ይዞስ ይቆያል?”

“እስከፈለጉት ድረስ!” አልኩ። ይህን ቃል ስናገር ፈገግ ብዬ እንደነበር አስታውሳለሁ።

“እንግዲያው አንድ ነገር ላስይዝህ። ስንቱን ሳስለቅስ ኖሬ ለእኔ የሚያስለቅስልኝ የለም። ነገሩም ከአፌ እየጠፋብኝ ነው። ባለፈው ሰሞን በሰው ለቅሶ ላይ የሟቹን ያባት ስም ተሳሳትኩ፤ እኔ ስንዱ!”

“ታዲያ እቤትዎ መጥቼ ልቅዳዎት?”

“ኧረ በማርያም! እቤቴ ካለቀስኩበትማ ገደልኩት ማለት አይደል? ጃኬቱ እየሰማ? እዚህ ይሻላል። እዚህ የማንም ቤት አይደለም።”

ሦስት ቀን፣ ሦስት ከሰዓት መጡ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ማይክሮፎኗን ሳጥን ላይ አቁሜ ቀዳኋቸው። ለራሳቸውና ለልጃቸው፣ ለሁለቱም በአንድ ላይ አለቀሱ። ዕንባ ግን አልወጣቸውም፤ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ነበሩ። እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ። ድምፁ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ የሚል አረንጓዴ መስመር አለ፤ ቀይ እንዳይነካ እሱን እየጠበቅኩ ቃሉን አልሰማሁም። አንዴ ብቻ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ደጅ ላይ ባጃጅ ጥሩምባውን ለቀቀው። “እማማ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ይድገሙልኝ” አልኩ።

“ሙሾ አይደገምም!” ብለው ተቆጡ። ግን ደገሙት። ባጃጁም ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሉት ሁለታችንም ሳቅን፤ ያቺን ስንኝ ያኔ ያዝኳት።

ሲጨርሱ እጄን ያዙኝ። “እኔ ስሞት አፈር ሳይጫነኝ ይኼን ታሰማለህ። የሱንም ልብስ ያን ቀን ያወጡታል፤ ለሁለታችን አንዴ ይለቀሳል፣ ያልቃል። ለወንድሜም ለቅሬውም ተናግሬያለሁ። ከዚያ በፊት ለማንም እንዳታሰማ። አደራ።” ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችንን ነው።

እንደሄዱ ፍላሼን ሰካሁ። የሰው አደራ አንድ ቦታ ብቻ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ፤ ዶክተር ነኛ! መገልበጥ ጀመርኩ። በዚያው ባለቤቴ፣ ሀብታም ነው ስሟ፣ ምሳ ይዛልኝ ገባች። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ሰሃኑን አስቀመጠች።

“ፍላሽህ ከቁልፍህ ጋር አይደለም እንዴ የታሰረች?”

“አዎ።”

“ቁልፍህስ የት ነው የሚያድረው?”

“እቤት።”

“ያለ ሬሳ ሙሾ እቤቴ አይገባም። በኪስህም በስልክህም ይዘህ እንዳትመጣብኝ። በሆዴ ያለውን እያየህ?”

ሳቅኩባት፤ ግን ነቀልኩት። ሌላ ፍላሽ ገዝቼ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ አልኩ። ነገ እገዛለሁ አልኩ። ያቺ ነገ ስድስት ወር ሆናት። እንግዲህ እማማ ስንዱ ቤታቸው እንዳይሰማ ብለው እኔ ዘንድ አመጡት፤ እኔም ቤቴ እንዳይገባ ብዬ ከላፕቶፗ አላወጣሁትም።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ነው። ሁለት ቀን ጠፍቶ የከረመው መብራት በጠዋት መጣ። ኔትወርኩም ያለወትሮው ይሮጣል። ያ መልእክት ደግሞ ብቅ አለ። “ዛሬስ ይለይልን” ብዬ “አሁን” የሚለውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠቆረና መሀሉ ላይ ክብ ነገር መዞር ጀመረ፤ ኮምፒውተሩን አታጥፋ ይላል፤ ከሥሩ ቁጥሩ ይቆጥራል። ዜሮ። አንድ። ሁለት። ሻይ አዝዤ ደጅ ቁጭ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከዳገቱ በኩል አያ ካሳው ሲወርዱ አየኋቸው። የእማማ ስንዱ ታናሽ ወንድም ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ያን ሳይ ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሳሁ።

“ስንዱ አረፈች” አሉኝ። “ሌሊቱን ነው። ማንንም አላስቸገረችም።”

“እግዚአብሔር ያጽናዎት አያ። መቼ ነው ቀብሩ?”

“ዘጠኝ ሰዓት። ልብሱንም አውጥተነዋል። የቅሬው ዳኛ ያንን ትልቁን ድምጥ ማጉያ ቻርጅ አድርጎ አስመጥቷል። አንተን ይዤ ልሂድ ብዬ ነው የመጣሁ።”

ወደ ውስጥ ዘለቅሁ፤ ተከተሉኝ። ሠላሳ ሁለት ይላል።

“ምንድን ነው የሚዞረው?” አሉ።

“እያደሰ ነው አያ። አዲስ ሲስተም እየገባ ነው።”

“ዛሬ?”

“ትንሽ ነው፤ አሁን ያልቃል” አልኩ።

በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡ። ሁለታችንም ቁጥሩን ማየት ጀመርን። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ቁጥሩን ግን ያነባሉ። “አርባ ገባ” ይላሉ። ቆይተው “አርባ አምስት” ይላሉ። አንዳንዴ ይቆማል። ሲቆም እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። “ከስንት ነው የሚሞላው?” አሉኝ፤ “ከመቶ” አልኳቸው። “አይ፣ ቀርቦታል” አሉ። እህታቸው የሞተችባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ነበሩ።

ስድሳ ስድስት ላይ የጣሪያው አምፖል ጠፋ።

ላፕቶፗ በባትሪ ቀጠለች። ሩብ ሰዓት አለኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠበቅኩም፤ እንደተከፈተች በሁለት እጄ አንስቼ ሮጥኩ። ከኛ በታች ጀነሬተር ያለው ሆቴል አለ። ኮብልስቶኑን ስወርድ አያ ካሳው ከኋላዬ፣ “ቀስ! ቀስ በል! እንዳይወድቅብህ!” ይላሉ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አንዱ “ዶክተር፣ በሽተኛ ነው?” ብሎ ቀለደ።

የሆቴሉ ዘበኛ በሩን ከፈተልኝ። “ወንድሜ፣ ጀነሬተሯን አስነሳልኝ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ!” አልኩት።

“ናፍጣ ከየት ይመጣል? እንግዳ ከጠፋ ጀምሮ እኮ አልተነሳችም። ዶሮ ነው የሚያድርባት።”

“ሌላ ቦታስ?”

ሌላ ቦታ እስኪነግረኝ ድረስ ስክሪኑን አየሁ። ስድሳ ዘጠኝ። ሰባ። ባዶው አዳራሽ መሀል ቆሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሰባ አንድ በመቶ አለና ድርግም አለ። በጠቆረው ስክሪን ላይ የራሴን ፊት አየሁት። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላሉ። እኔ የምለቅመው እንኳ አልታየኝም።

“ጠፋ?” አሉኝ አያ ካሳው።

“መብራት ሲመጣ ይቀጥላል” አልኩ። ላፕቶፗን ዘጋኋት። “እርስዎ ይሂዱ አያ፤ ሰዉ ይጠብቅዎታል። እኔ ይዤው እደርሳለሁ።”

“ትደርሳለህ?”

“እደርሳለሁ።”

ዓይኔን አዩኝ፤ አመኑኝና ዳገቱን ተያያዙት።

መብራቱ የመጣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰካሁ፤ አበራሁ። ክቡ አልመጣም፤ ቁጥሩም አልመጣም። ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ዲስኩ ተቆልፏል፤ የመክፈቻውን ቁልፍ አስገባ ይላል። አርባ ስምንት ቁጥር ነው የሚፈልገው። የትኛውን አርባ ስምንት ቁጥር? አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። የማውቀውን ሁሉ ነካካሁ፤ ያው ነው። ቁልፉ የሚገኘው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተከፈተበት ኢሜይል ነው ይላል ከታች በትንሽ ጽሑፍ። ላፕቶፗ ደግሞ ስገዛት በሰው ስም የተከፈተች ናት፤ “ምን ቸገረህ፣ ይሠራል” ብሎኝ ነበር ነጋዴው። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር።

ደሴ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አራተኛው ላይ ነጋዴው አነሳ።

“ያ ኢሜይል የማን ነው?”

“እኔ ምን አውቄ? እኔም ከሰው ነው የገዛኋት።”

“ሰውየውን ደውልልኝ፤ በሞቴ።”

“ስልኩ ከጠፋ ስንት ጊዜው። አለ ይሉኛል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን የለም። ስማ ወንድሜ፣ ፎርማት አድርጋት። በሃያ ደቂቃ አዲስ ትሆንልሃለች።”

“ውስጧ ያለውስ?”

“እሱማ ይጠፋል። ምን አለባት?”

“ሰው አለባት” አልኩት። ሳቀና ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። አርባ ስምንት ጊዜ ዜሮ ጻፍኩ። የአበባውን መታወቂያ ቁጥር ደጋግሜ ጻፍኩ። የልደት ቀኔን ጻፍኩ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት ተኩል ሆኗል። ላፕቶፗን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ዳገቱን ጀመርኩ። ለምን ተሸከምኳት? ባዶ እጄን መሄድ ስላልቻልኩ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ አስቤ ነበር። ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ የደረሰበት ወር ነው፤ ማሳው ላይ ግን አንድም ሰው የለም። ሁሉም ለቅሶ ላይ ነው።

ስደርስ ፍታቱ አልቋል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ አስከሬኑ ቃሬዛው ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ በቆመ እንጨት ላይ የአበባው ጃኬት ተሰቅሏል፤ በላዩ እኔ ያሳደግኩት ፎቶ። ድንጋይ ላይ ያ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። አስተውሉ፤ አንድም አልቃሽ አልጀመረም። ሟቿ ራሳቸው ሊያለቅሱ ነው ተብሎ ሁሉም ዝም ብሎ እየጠበቀ ነው። ቦርሳዬን ሲያዩ ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። “መጣ፣ መጣ” ሲባል እሰማለሁ። አያ ካሳው የድምፅ ማጉያውን ገመድ ጫፍ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ዘረጉልኝ።

“በል ሰካው።”

አልተቀበልኳቸውም። “አልተከፈተም አያ።”

“እስኪከፈት እንጠብቃለን። ቄሶቹን እለምናቸዋለሁ።”

“አይከፈትም።”

“ሞተ?”

“አልሞተም። ተቆልፏል።”

“እና ስንዱ ውስጡ አለች?”

“አሉ።”

“ድምጧስ አይሰማም?”

“አይሰማም።”

ገመዱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዲት ትልቅ ሴት ከመሀል ወጡ፤ የእማማ ስንዱ ጓደኛ ናቸው፤ ለቅሶ ላይ ስንኛቸውን የሚቀበሏቸው እሳቸው ነበሩ። “አንተ ልጅ” አሉኝ፤ “ስትቀዳት አብረሃት አልነበርክም? ሦስት ቀን ሙሉ ሰምተሃታል። እንግዲያው አንተ በላ!”

ሦስት ቀን ሙሉ አረንጓዴ መስመር እንዳየሁ እንዴት ልንገራቸው? ያለችኝ ያቺ ባጃጅ ያስደገመቻት ስንኝ ናት። ቃሬዛው ፊት ቆምኩ። እንዲህም አልኩ፦

ሞተ እንዳልል ፈራሁ፣ አለ እንዳልል ቀረ፤
ደጄን ሳልዘጋው ነው፣ ክረምቱ ያደረ።

ሴትየዋ ደረታቸውን መትተው ተቀበሉኝ። ሌሎቹም ተከተሉ። ያ ሁሉ ሜዳ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ጃኬቱን አንስተው አዞሩት። አያ ካሳው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ያቺኑ አንድ ስንኝ እየደጋገሙ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አሏት። ከዚያ ሴትየዋ ወደኔ ዞሩ።

“ሌላስ?”

“ሌላ አላውቅም” አልኩ።

ለቅሶው እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሌላ ሰው ሊጥል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ስንዱ ባሉበት አደባባይ ማን ደፍሮ ስንኝ ይጥላል? ካህናቱ “ሰዓቱ ሄደ” አሉ። አፈር ተመለሰ። ለስንቱ ያለቀሱ ሴት በአንዲት ስንኝ፣ እሷም የራሳቸው በሆነች፣ ተቀበሩ።

ሰዉ ሲበተን አያ ካሳው ጃኬቱን ከእንጨቱ አወረዱት። ይቅበሩት ይሆን ብዬ አየኋቸው። አራግፈው ክንዳቸው ላይ አጠፉት። “ለቅሶው ለሱ አልሞላለትም” አሉ፤ “ስንዱ ያለችው ሁለቱም አንድ ላይ ነው። መልሼ እሰቅለዋለሁ።” ወደ ጎጆው ሄዱ። እኔም ቦርሳዬን ተሸክሜ ዳገቱን ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፗን ይዤ ወልድያ ሄጃለሁ፣ ደሴ ሄጃለሁ። የገጠመኝ ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ ፎርማት አድርጋት፣ ቁርጥህን እወቅ ይለኛል። ልክ በዚህ ቃል። አንዱማ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ብሎ ተረተብኝ። ጠፋ ቢሉኝ አልቅሼ እተወው ነበር። ግን አልጠፋም። እዚያው ውስጥ፣ ያቺ ባጃጅ እየነፋች፣ እማማ ስንዱ እየተቆጡኝ፣ እየሳቁ፣ ለልጃቸው እያለቀሱ አሉ። በሰባ አንድና በመቶ መሀል አሉ። ያን ጊዜ ነው እማማ ስንዱ ለምን ጃኬቱን እንዳላወረዱ የገባኝ። እኔ ግን ግትር ናቸው ስል ነበር።

ሀብታም በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ሰጠችኝ። ልጅቱ ክርስትና በተነሳች ማግሥት ሀብታም በራሷ ጊዜ “ያን ዕቃ እቤት አምጣው” አለችኝ። “ሙሾ ነው እኮ” ብላት፣ “እናት ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን አይደሩ” አለች። ያን ቃል ያኔ ብትለው ኖሮ ብዬ አልፈርድባትም። የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ነገ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስልካችሁ ውስጥ የእናታችሁ ድምፅ፣ የሄደ ወንድማችሁ ፎቶ አንድ ቦታ ብቻ ካለ፣ አሁኑኑ ተነሱ፤ ሌላ ቦታ አኑሩት። ሟርት ነው ብላችሁ አትፍሩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ የምትወዱት ሰው ሲናገር መስመሩን አትዩ፤ ቃሉን ስሙ። እኔ ዛሬ ሰው ጽሕፈት ቤቴ መጥቶ “ይዞ ይቆያል?” ሲለኝ “አላውቅም” እላለሁ። ዶክተር ብሎ የሚጠራኝም የለም፤ ቢጠራኝም ዞር አልልም።

ባለፈው ቅዳሜ አያ ካሳው ገበያ ወርደው ጎራ አሉ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ።

“አልተከፈተም?”

“አልተከፈተም አያ።”

“ጃኬቱን ብል እንዳይበላው እሁድ እሁድ አራግፌ እሰቅለዋለሁ” አሉኝ።

“እኔም” አልኳቸው፣ “ባትሪዋ እንዳይሞት እሁድ እሁድ ቻርጅ አደርጋታለሁ።”